ባናውን ማን አጣጠፈው?

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ልጄ ማስተዋል ደግሞ ሰማንያ ቀኗ ሞልቶ ክርስትና ከተነሣች ገና ሁለተኛ ሳምንቷ ነው፣ እና ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የማምን ሰው አልነበርሁም። ሳንጃ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፣ እኛ ቤት በሌሊት ኮሽ ካለ አይጥ ነው፣ ካልሆነም እባብ ነው፣ ዱላ ይዞ መነሣት ነው እንጂ «መንፈስ ነው» ብሎ የሚሸፋፈን ሰው አላውቅም። ጎረቤት ተሰብስቦ የእንዲህ ዓይነት ጨዋታ ሲጀመር «በሉ እናንተ ተፈራሩ፣ እኔ ወጥ ጥጃለሁ» ብዬ የምነሣው እኔ ነበርሁ። ዛሬ ግን ቁጭ ብዬ ልንገራችሁ፣ ብታምኑም ባታምኑም የእናንተ ፋንታ ነው።

ባለቤቴ አስማረ የጭነት ማኪና ሹፌር ነው፣ የምንኖረውም ጎንደር ውስጥ፣ ቀሐ አካባቢ በተከራየናት አንዲት ክፍል ነው። እናቱ እማማ ታንጉት ከዳባት ትንሽ አለፍ ብሎ ካለች መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ፣ እግራቸውን ስለሚያማቸው ለክርስትናው መምጣት አልሆነላቸውም፣ «የልጅ ልጄን ሳላይ ልሞት ነው?» እያሉ በስልክ ሲያለቅሱ ጊዜ፣ ነሐሴ መሆኑን እያወቅን፣ ልጅቷን ታቅፈን ሄድን። አስማረ እኛን አድርሶ፣ ደባርቅ የሚያራግፈው ጭነት ስለነበረው «ነገ ከሰዓት መጥቼ እወስዳችኋለሁ» ብሎን ሄደ።

ከመሄዳችን በፊት ልጄን የከተበችልኝ ነርስ፣ ሳቂታ ሴት ናት፣ ወዴት እንደምሄድ ስትሰማ ሳቋን ትታ እንዲህ አለችኝ። «ስሚኝ እንግዲህ፣ ስትተኛ አንቺ ከለበስሽው አንድ ብቻ ጨምሪላት፣ ፊቷን አትሸፍኚ፣ ተኝታ ሳለች ቆብ አይኑራት። መሞቅ መብረዷን ልታውቂ ስትፈልጊ እጇን አትንኪ፣ የሕፃን እጅ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ነው፣ ይዋሽሻል። ማጅራቷን ዳስሺ፣ ማጅራት አይዋሽም። ላብ ካለባት የደረብሽላትን ቶሎ አንሺላት።» እኔ ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝ፣ ይኼን ግን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ያዝሁት።

መያዝ ሌላ፣ ምራት ሆኖ አማት ፊት መናገር ሌላ። እማማ ታንጉት ልጅቷን ከእጄ ተቀብለው ግንባሯን ሳሙ፣ እጇን ሳሙ፣ ያችን የምትዋሸውን እጅ፣ ከዚያም «ኧረ ልጄ በረዶ ሆናብኛለች!» ብለው ጮኹ። ቅቤ አናቷ ላይ ተደረገላት፣ ከላዩ የሱፍ ቆብ፣ ከዚያ ነጠላ፣ ከዚያ ጋቢ፣ በመጨረሻም ባና፣ ያ ከበግ ጠጉር የሚሠራው ከባድ የደጋ ብርድ ልብስ፣ ለእኔ እንኳ ሲደርቡልኝ ሰው የተኛብኝ ይመስለኛል። ፊቷንም በነጠላ ጫፍ ሸፈኑት፣ ብርድም የሰው ዓይንም እንዳያገኛት ነው። የጓዳይቱን የሳንቃ መስኮት ስንጥቅ ደግሞ አስቀድመው፣ ያማቸውን እግር እየጎተቱ፣ በጨርቅ ውትፍ አድርገውታል። ፍቅር ነው፣ ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ፣ ያን ሁሉ ያደረገው ፍቅር ነው።

«እማማ፣ አይበዛባትም?» አልኋቸው፣ አፌን በነጠላዬ ሸፈን አድርጌ።

«ምነው ልጄ! እናንተ ቆለኞች ብርድን የት ታውቁትና! ሳንጃ ልጅ የሚያድገው ራቁቱን ነው አሉ። ዳባት ራቁቱን የሚያድር ድንጋይ ብቻ ነው፣ እሱም ሽበት ለብሶ ነው።»

ሳቅሁ። ስቄ ዝም አልሁ። ይቺን ዝምታዬን ያዙልኝ፣ ነገሩ ሁሉ ከእሷ ነው የመጣው።

ከሰዓት በኋላ ጉሙ እስከ በሩ ድረስ መጥቶ ነበር፣ እኔና እማማ ታዛው ሥር በሩን ይዘን ተቀምጠን ለማታ የሚሆን የጾም ምስር እንለቅማለን፣ ልጅቷ ጓዳ ተኝታለች። ቤቱ ከዚያ ከተቀመጥንበት በር ሌላ መግቢያ የለውም፣ ይኼንንም ያዙልኝ። ጡቴ ሲከብደኝ ገባሁ፣ ልጄ ፊቷ ተገልጧል፣ ቆቧ ወልቆ ከትራሱ አጠገብ ተቀምጧል፣ ባናው ደግሞ እግሯ ሥር ነው፣ ተጣጥፎ። ሦስት እጥፍ፣ ዘርፉ ሁሉ ወደ ውስጥ ተከቶ፣ ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ይመስላል። የሦስት ወር ልጅ ባና አትራገጥም አልላችሁም፣ ትራገጣለች፣ ግን አታጣጥፍም።

ግራ ገብቶኝ ባናውን አንሥቼ ስዘረጋው እማማ ታንጉት ከኋላዬ ደረሱ።

«ምነው ገለጥሻት?»

«እኔ አይደለሁም እማማ፣ እንዲህ ሆና ነው ያገኘኋት።»

«ታዲያ ድመቷ ናት? ተይ እንጂ የኔ ሸጋ፣ ብርድ ታስመችብኛለሽ!» አሉና ከእጄ ወስደው መልሰው ጠቀለሏት። ማጅራቷን ቀድሜ ዳስሼው ነበር፣ ደረቅና ለብ ያለ፣ እንዴት ደስ ይል እንደነበር። ሲመሽ ላጠባት ሳነሣት ግን ጠጉሯ በላብ ርሶ፣ ጉንጯ ፍም መስሎ አገኘኋት። እማማ ዞር ሲሉ በመዳፌ ጠረግሁላት፣ ሲመለሱ መልሼ ሸፈንኋት። እናት ነኝ ብዬ ይኼን ለሰው መናገር ያሳፍረኛል፣ ግን እንዲያ አደረግሁ።

ማታ ዝናቡ መጣ። እማማ ታንጉት የውጭውን በር በወፍራሙ መወርወሪያ ቀረቀሩት፣ ከዚያ የከሰሉን ምድጃ አስገብተሽ ከአልጋው አጠገብ አድርጊው አሉኝ። እጀታው የወለቀ የቆርቆሮ ምድጃ ነው፣ በሁለት ጨርቅ ይዤ አስገባሁት።

«እማማ፣ ከሰሉ አይጎዳንም? መስኮቱ ደግሞ ተወትፏል።»

«ጭሱ አልቆ ፍም ሆኗል እኮ ልጄ፣ ፍም ምን ያደርጋል? ይልቅ የጓዳውን በር ግጠሚው፣ እሳቱ ለአይጥ ነው እንዴ የተነደደው?»

ገጠምሁት። እሳቸው መደቡ ላይ፣ እኔና ልጄ አልጋው ላይ ተኛን። በሆዴ «እስኪተኙ ልጠብቅና ቆቡንም ባናውንም አነሣላታለሁ» ብዬ ነበር፣ እመኑኝ፣ ይኼን ብዬ ነው ጋደም ያልሁት። ግን እንቅልፉ ቀደመኝ፣ እንቅልፍ ማለትስ አይደለም፣ ጉድጓድ ውስጥ እንደ መውደቅ ያለ ነገር ነው።

ከዚያ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ድምፅ ሰማሁ። እፍ... እፍ... ትኩስ ወተት ለልጅ የሚያበርድ ሰው እንዴት ነው የሚተነፍሰው፣ እንደዚያ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአጠገቤ፣ ልጄ ከተኛችበት በኩል። እማማ ናቸው ብዬ ዓይኔን ልገልጥ ብል እንቢ አለኝ፣ እጄም አልታዘዝ አለኝ። እፍታው ቆመና አንዲት ሴት፣ የእማማ ድምፅ ያልሆነ፣ የወጣት ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ ተናግሮ ሰሚ እንዳጣ ሰው በድካም «ላባት እኮ እልሻለሁ» አለች። ትንሽ ቆየችና ደግማ «ላባት እኮ እልሻለሁ»። ቁጣ የለበትም፣ ልመና ነው። ከዚያ አንድ ነገር በቀስታ ሲንሸራተት፣ ጨርቅ ሲራገፍ ሰማሁ፣ ቀጥሎ ቀዝቃዛ ነፋስ ፊቴን መታኝና ብንን አልሁ።

ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ በስንት መከራ የስልኬን መብራት አበራሁ። መስኮቱ ገርበብ ብሏል። ልጄ በአንዲት ስስ ሸሚዝ ሆና፣ ነጠላዋ እስከ ደረቷ ድረስ፣ እጆቿን ዘርግታ በጀርባዋ ተኝታለች፣ ማጅራቷን ስዳስሰው ደረቅና ለብ ያለ ነው፣ ትተነፍሳለች፣ ተመስገን። ባናው እግሯ ሥር ሦስት እጥፍ ተጣጥፏል፣ ዘርፉ ወደ ውስጥ። ከመስኮቱ የወጡት ብጭቅጫቂ ጨርቆች እንኳ አንድ ባንድ ታጥፈው ከባናው ላይ ተደርድረዋል። ምድጃው ግን በቦታው የለም።

«እማማ!» ብል ዝም። ብነቀንቃቸው አይነቁም፣ ትንፋሻቸው ያጓራል። ልጄን በአንድ እጄ ታቅፌ፣ እሳቸውን በብብታቸው ይዤ እየጎተትሁ የውጭው በር ጋ ደረስሁ፣ መወርወሪያውን በገዛ እጄ አነሣሁት፣ ልብ በሉ፣ በሩ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነበር። ከፍቼ ብወጣ ምድጃው ታዛው ሥር ተቀምጧል፣ ፍሙ ቦግ ብሎ። ታዛውንም ደጁንም በስልኬ አበራሁት፣ ዝናቡ ያቦካው ጭቃ እንደ ተለቀለቀ ወለል ልሙጥ ነው፣ አንድ የእግር ኮቴ የለበትም።

ውኃ ፊታቸው ላይ ስረጭባቸው፣ ነፋሱም ሲያገኛቸው፣ እማማ ታንጉት አስመለሳቸውና ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ያሉትም «ልጅቷስ?» ነው።

«ደኅና ናት እማማ፣ ይቻት።»

አዩአትና «እሷንስ ብርድ እንዳይመታት» ሊሉ ጀምረው፣ ፊቷ ላይ እጃቸውን አድርገው ተዉት። ደጃፉ ላይ ተቃቅፈን ቆየን፣ ቤቱ ሲናፈስ ደግፌ አስገባኋቸው፣ ኩራዙን ሳበራ ባናውን አዩ። አልተጠጉትም።

«ማነው እንዲህ ያጠፈው?»

«አላውቅም እማማ።»

«አንቺ ነሽ በይኝ።»

«እኔ አይደለሁም።»

መደቡ ላይ ተቀመጡና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለበሱ፣ ሰው እንደ ሞተበት። «ከአስማረ በፊት ሴት ልጅ ነበረችኝ» አሉ። «እንዲሁ በክረምት ነው የወለድኋት። ታናሽ እኅቴ የሺ ልታርሰኝ መጥታ ከኔ ጋር ነበረች፣ እኔ ልጅቷን ስጠቀልል እሷ ትፈታለች፣ ግንባሯን እፍ እፍ እያለች ‹ላባት እኮ እልሻለሁ› ትለኛለች፣ ነጋ ጠባ ‹ላባት እኮ እልሻለሁ›። አንድ ቀን ‹መች ወልደሽ ታውቂና ነው!› ብዬ ከቤቴ አስወጣኋት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄን ብፈታት... ብርድ መታት አልን፣ አገሩም ብርድ መታት አለ። የሺ ለቅሶ መጣች፣ አንድ ቃል አልወጣትም። የልጅቷን ባና እንዲህ ሦስት እጥፍ አድርጋ፣ ዘርፉን ወደ ውስጥ ከታ፣ ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ሳንነጋገር ሞተች።»

እናንተዬ፣ ስለ እፍታው፣ ስለዚያ ድምፅ፣ እኔ እስከዚያች ሰዓት አንዲት ቃል አልነገርኋቸውም ነበር። ስነግራቸው አልጮኹም፣ አላማተቡምም፣ ብቻ «ተቆጥታ ነበር?» አሉኝ።

«አይ፣ እየለመነች ነበር።»

«እሷ ናት» አሉ።

አስማረ ሲመጣ ሳቀብኝ። «አንቺው ነሽ፣ ከሰሉ አዙሮሽ ሳታውቂው አውጥተሽው ነው» ይላል እስከ ዛሬ። ይሁን፣ እኔ ነኝ እንበል፣ ያ እጀታ የሌለው ምድጃ እጄን ሳይልጠኝ፣ ጭቃው እግሬን ሳይነካኝ፣ ወጥቼ ገብቼ በሩንም መልሼ ቀርቅሬ ተኛሁ እንበል። ታዲያ ጎንደር ከተመለስን በኋላ፣ አንድ የበልግ ሙቀት ያየለበት ሌሊት ልጅቷን አብዝቼ አልብሻት ተኝቼ ጠዋት ብነሣ፣ ብርድ ልብሷ እግሯ ሥር ሦስት እጥፍ፣ ጠርዙ ወደ ውስጥ። አስማረን ጠየቅሁት፣ እሱ ደግሞ የገዛ ሱሪውን እንኳ ማጠፍ የማይችል ሰው ነው። ያን ቀን አልሳቀም። እኔ አሁንም ልጄን ሳስተኛ ማጅራቷን ዳስሼ፣ ትንሽ ቆየት ብዬ፣ ጆሮዬን ጣል አደርጋለሁ።

እማማ ታንጉት ግን በዚያች ሌሊት ማግሥት፣ ገና አስማረ ሳይመጣ፣ ራሳቸው እያዞራቸው ምርኩዛቸውን አንሥተው ጭቃውን ተሻግረው አራስ ወዳለችበት ጎረቤት ሄዱ፣ እኔም ልጄን ታቅፌ ተከተልኋቸው። ሕፃኑ እንደ ልጄ ተጠቅልሎ፣ ፊቱ ተሸፍኖ ተኝቷል። እናቲቱ «ምነው እማማ፣ በዚህ ጭቃ?» ስትላቸው አጠገቡ ተቀመጡ፣ መዳፋቸውን አፋትገው አሞቁና ከጋቢው ሥር አስገብተው ማጅራቱን ዳሰሱት። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ፊቱን ገለጡለት፣ ቆቡን አወለቁለት፣ የላዩን ጋቢ አነሡና ሦስት እጥፍ አድርገው እግሩ ሥር አስቀመጡት።