ለአንድ ወንበር ሁለት ሰው

ዝናሽ ባንተአምላክን መጀመሪያ ያየችው የእሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነው።

«እህቴ፣ ቁጥር ሰባት እኮ እኔ ነኝ...»

«ውይ! ይቅርታ!» ብላ ብድግ ስትል ፋይሏ ተበተነ። ከሐሙሲት ከተማ የመጣው ልጅ ተንበርክኮ ወረቀቷን ለቀመላትና «ለመውደቅ ገና ነው፤ ፈተናው አልተጀመረም» አላት። ሳቀች። ሥራ ፍለጋ በባዘነችባቸው ሁለት ዓመታት እንዲህ ከልቧ የሳቀችበትን ቀን አታስታውስም።

ደብረ ታቦር የተከፈተው አዲሱ ባንክ የሚፈልገው የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ አንድ ብቻ ነው። የቀረቡት ሃያ ሁለት። ይህም ካመለጣት ከአክስቷ ቤት ጓዟን ጠቅልላ ወላጆቿ ዘንድ እብናት መመለሷ ነው። ትቀመጣለች፣ ትነሳለች፣ በር ድረስ ሄዳ ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ዙር የቡድን ውይይት ነበር። ሁሉም እየተሻማ ያወራል። ዝናሽ ሰው አቋርጦ መናገር አልለመደባትም፤ አፏን ከፍታ ትዘጋለች። ባንተአምላክ «እስኪ እሷንም እንስማት» አለ። ተናገረች። አለፈች! ልቧ ግን በማለፏ ይሁን በልጁ እንደሚመታ አልለየችም።

በሁለተኛው ዙር አንዱ ደንበኛ፣ አንዱ ሠራተኛ ሆነው ይተውናሉ። ዕጣው ሁለቱን አገናኛቸው። ደስ አላት... ደስታዋ ግን ብዙ አልቆየም። ባንተአምላክ ሽማግሌ ገበሬ ሆኖ ገባና ጠረጴዛውን በመዳፉ መታው።

«ከጉና በእግሬ ስመላለስ ሦስተኛ ቀኔ ነው! ካርዴን ማሽኑ ዋጠው! አንቺ ትስቂያለሽ?»

«አባባ፣ ይቅርታ...»

«ይቅርታ ምን ያደርግልኛል? የሚያውቅ ሰው ጥሪልኝ!»

ፊቷ ጋለ። እንባዋን ዋጥ አድርጋ ተነሳችና ወንበር ሳበችለት። «መጀመሪያ አረፍ ይበሉ አባባ። ካርድዎ እስኪወጣ ከአጠገብዎ አልለይም።»

ኮሪደሩ ላይ ሲወጡ አፈጠጠችበት። «ልትጥለኝ ነው አይደል?»

«ዝናሽ፣ ስሚኝማ...»

«አልሰማም!»

ለመጨረሻው ዙር ሁለቱ ብቻ ቀሩ። ለየብቻ ተጠሩ። ሥራ አስኪያጇ ወይዘሮ ሠናይት «አብሮሽ የተፈተነው ልጅ ለደንበኛ ይሆናል?» አሏት።

«አይሆንም። ቁጡ ነው፤ ሰው ያዋርዳል።»

ምላስ አጥንት ባይኖራትም አጥንት ትሰብራለች።

ከሰዓት በኋላ ውጤቱ ተነገረ። ባንተአምላክ አንገቱን ደፍቶ ወጣ። ወይዘሮ ሠናይት ውሉን ለዝናሽ ገፋ እያደረጉ ፈገግ አሉ። «ልጁ የመሰከረው ላንቺ ነበር። ‹ለስላሳ ደንበኛማ ማንም ያስተናግዳል፤ እሷ የምትችለውን እንድታዩላት ብዬ ነው የጮህኩት› አለን። ባንቺ ቃል ግን በግማሽ ነጥብ ቀረ።»

እስክሪብቶው እጇ ላይ ቀረ። የሁለት ዓመት ጸሎቷ እኮ ነው ፊቷ የተቀመጠው!

«ቃሌን አነሳለሁ» አለች። «በቂም ነው የተናገርኩት። እውነት አይደለም።»

«ካነሳሽው ቦታው የእሱ ነው።»

«አውቃለሁ...» እስክሪብቶውን ውሉ ላይ አስቀመጠች።

ወደ መናኸሪያው ሮጠች። ባንተአምላክ ወደ ሐሙሲት የሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጧል። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚጠይቅ ከልጅነቷ እያየች ነው ያደገችው። ቶሎ ያገኘችው ድንጋይ ግን ከሚኒባሱ ጎማ ስር የተወተፈውን ነው። መንጭቃ ትከሻዋ ላይ ጫነችው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! መኪናው ሊንሸራተት ነው!» ሾፌሩ ዘሎ ፍሬን ያዘ። ተሳፋሪው ግልብጥ ብሎ ወረደ።

ዝናሽ ነጭ ሸሚዟ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ባንተአምላክ ፊት ቆመች። «በድየሃለሁ! ሰው ያዋርዳል ብዬ ያስጣልኩህ እኔ ነኝ። ቃሌን አንስቻለሁ፤ ሥራው ያንተ ነው። ይቅር ካላልከኝ አላወርደውም!»

ፊቱ ተለዋወጠ። «እንደዚያ አሰብሽኝ?»

«አሰብኩ...»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ወድጄሃለሁ!» አመለጣት።

አንዲት እናት «ኧረ ልጄ፣ ይቅር በላት፤ ትከሻዋ ሊገነጠል ነው!» አሉ።

«ይቅር ለእግዚአብሔር» አለና ድንጋዩን ተቀበላት። ሚኒባሱ ያለ እሱ ሄደ።

እሱ ሥራ ገባ፤ እሷ እብናት ተመለሰች። ስልኳ ግን አንድ ቀን አላረፈም። በሰባተኛው ወር ባንተአምላክ ሽማግሌ ላከ።

አባቷ አቶ ይሻው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ለመሆኑ ልጁ ሥራ አለው?»

«አለው። ባንክ ነው።»

«ባንክ? ያለ ሰው አይገባም ይባላል። በማን በኩል ገባ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ዝናሽ ከጓዳ ሆና መታገስ አቃታት።

«በእኔ ነው፣ አባየ!»