የማዳም ካዛሊስ ዝምታ

«አክስትሽን አሁንም ጥርሷን ያማታል?»

«ተነቀለላት። አሁን ሾርባ ትጠጣለች።»

የይለፍ ቃሉ ልክ ነው። ኦዲል የአጎቷ ልጅ የመጣ ይመስል ሬሞንን ጉንጩን ሳመችውና አስቀመጠችው። ብሪቭ ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት ያለው የማዳም ካዛሊስ ምግብ ቤት ለምሳ ጢም ብሏል። በመስኮቱ በኩል ፈረንሳይን ከያዘው ጦር ሁለት የጀርመን መኮንኖች ድንች ይሰለቅጣሉ።

ኦዲል ስሟ አይደለም። ለንደን በፓራሹት ከጣላት ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የጠራት ሰው የለም። ቤኑዋ እንኳ አያውቀውም። ቤኑዋ ወፍጮ ቤት ውስጥ ተደብቆ ለለንደን በሬዲዮ መልእክት የሚልክ ሰው ነው፤ ከልቧ የምትስቀውም ከእሱ ጋር ብቻ ነው። ዛሬ አዲሱን ረዳት፣ ሬሞንን፣ ወደ እሱ ልታደርስ መጥታለች።

«የት ነው ያደግከው?»

«ፔሪጎ። አባቴ ዳቦ ጋጋሪ ነው።»

ዳቦውን ቆረሰ። የተረፈውን ገልብጦ ጠረጴዛው ላይ ጣለው።

ኦዲል ዳቦውን አየችው።

እሷም የመጣች ሰሞን እንዲሁ አድርጋ ማዳም ካዛሊስ እጇን በጭልፋ መትተዋታል። «አንቺ! የአንገት ቆራጭ ዳቦ እኔ ቤት አይቀመጥም!» ድሮ ጋጋሪዎች ዳቦ ገልብጠው የሚያስቀምጡት የሞት ፍርድ ለሚፈጽመው አንገት ቆራጭ ብቻ ነበር። የጋጋሪ ልጅ ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ይጠባዋል።

ይሄ የጋጋሪ ልጅ አይደለም።

ማዳም ሾርባ ይዘው መጡ። የጀርመን መኮንን እንኳ ዳቦ ከገለበጠ ከመቆጣት የማይመለሱ ሴት ናቸው። ዓይናቸው ዳቦው ላይ አረፈ። ሳህኑን አስቀመጡ።

ምንም አላሉም።

የይለፍ ቃሉ ያለፈው በእሳቸው በኩል ነው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ። ኦዲል «ጨው ላምጣ» ብላ ተከትላቸው ወደ ማድ ቤት ገባች።

«ዳቦው ተገልብጧል፤ እርስዎ ግን ዝም አሉ።»

ማዳም ፊታቸው አመድ መሰለ። «ጀርመኖቹ ፒየርን ሊለቁልኝ ነው። እስር ቤት ደም እየተፋ ነው፣ አንድ ልጄ!»

«ቤኑዋ ያለበትን ነገሯቸው?»

«የት አውቄው? አንቺ መርተሽ እንድታደርሻቸው ነው'ኮ።»

የጓሮው በር ተቆልፏል። ቁልፉ የማዳም ወገብ ላይ ነው። ኦዲል በትኩሳት ስትንቀጠቀጥ አዳር ሙሉ ያቀፏት እነዚህ የማዳም እጆች ናቸው። ቢሆንም ቁልፉን ያዘች።

«ልጄ፣ በማርያም! ከጠፋሽ ይገድሉብኛል!»

ማዳም እጇን ጨበጡት። ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ አላቀቀች። አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

ያገኘችውን ብስክሌት ይዛ በጓሮ በረረች።

ወፍጮ ቤት ስትደርስ ቤኑዋ ሽንኩርት እየላጠ ነበር።

«ውጣ! አሁኑኑ!»

ሬዲዮውን ሻንጣ ውስጥ ከተተ። «አብረን እንሂድ።»

«ፊቴን ለይተውታል። አጠገቤ ከታየህ አለቀልህ።»

«እሺ፣ ስምሽን እንኳ ንገሪኝ። እባክሽ።»

ስሟ ከንፈሯ ላይ ደረሰ። እሱ ከተያዘ ግን ገርፈው ያወጣጡታል።

«ሩጥ» አለችው።

በእንባ ያበጡ ዓይኖቿን በወንዝ ውሃ ታጥባ በሌላ አቅጣጫ ሄደች።

ከሳምንታት በኋላ ቱሉዝ ከተማ፣ ትራም ላይ፣ አንድ መልእክተኛ አጠገቧ ተቀመጠ። ቤኑዋ ተራራ ላይ ሆኖ በሬዲዮ መልእክት መላክ ጀምሯል። ማዳም ካዛሊስን ጀርመኖቹ የዚያኑ ቀን ወስደዋቸዋል፤ ስለ ልጃቸው የሚታወቅ ነገር የለም። ይህንኑ በሹክሹክታ ነግሯት በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ።

አዲሱ የመታወቂያ ወረቀቷ ስሟን ጀርሜን ይለዋል። አከራይዋ ክፍሉን እያሳየቻት ከላይ እስከ ታች አየቻት።

«የሚጠይቅሽ ዘመድ አለሽ? እንግዳ ሲመላለስ አልወድም።»

«ማንም አይመጣም፣ ማዳም» አለች። ለዚህኛው መልስ ቀድማ መለማመድ አላስፈለጋትም።