ከሠላሳ ስምንት ዲግሪ በታች

ሙሉብርሃን ከኤክስሬይ ማሽኑ ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ቀኝ መዳፉ ተቃጥሏል። ለሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ግንቦት 1976፣ ቦታው ከናዝሬት ወደ ወለንጪቲ መውጫ ያለች የቆርቆሮ ጣሪያ ያላት የምርምር ጣቢያ ነው።

ሰኞ ጠዋት መርማሪው ሻምበል አብተው ሲደርስ ዘበኛው ኦቦ ኢተፋ ታስረው ነበር። የጣቢያው ኃላፊ ጓድ ዘገዬ ነገሩን በአንድ ቃል ጨርሶታል፤ «አሻጥር»። በዚያ ዘመን ይህ ቃል የተለጠፈበት ሰው ቤተሰቡ የሚጠራው ልብሱን ለመረከብ ነው።

«ማሽኑ አሮጌ ነው» አለ ዘገዬ። «ኤሌክትሪኩ ወደ አካሉ ያፈተልካል። በመሬት ሽቦው ካልወረደ የነካውን ይገድላል። ሽቦው ተፈትቷል። ሌሊት ግቢው ውስጥ ያለው ኢተፋ ብቻ ነው።»

አብተው ለማመን የማይቸኩል፣ ለመጠርጠርም የማይቸኩል ሰው ነው። የሟቹን ረዳትና እጮኛ ጉዲቱን አስጠራ። ዐይኗ በለቅሶ አብጧል።

«ምን ነበር የሚሠራው?»

«ክሮሚየም የሚባል ብረት ነው። ውስጡ ጥቃቅን ማግኔቶች በተራ ተሰልፈዋል። ኤክስሬዩ ብረቱን ሲመታ ይበተንና ፊልም ላይ ነጥቦች ይጥላል። ስለ ሰልፉ የሚነግሩን ከትልልቆቹ ጎን ያሉት ደብዛዞቹ ናቸው። ሦስት ቀን ካልበራ አይታዩም።»

«ማሽኑ ሥር የበረዶ ባልዲ አየሁ፤ ለምንድን ነው?»

«ሙቀቱ ሠላሳ ስምንት ዲግሪ ካለፈ ሰልፉ ይፈርሳል። የናዝሬትን ግንቦት ያውቁታል።»

ሻምበሉ የሥራውን ደብተር ገጽ በገጽ አነበበ። ከዚያም የመሣሪያ ሣጥኑን በጉዲቱ ቁልፍ አስከፈተ። የመሬት ሽቦው በጥንቃቄ ተጠቅልሎ፣ ጋዜጣ ለብሶ ከሥር ተቀምጧል። ኦቦ ኢተፋ ዘንድ እስር ቤት ሄዶም አንድ ነገር ብቻ ጠየቃቸው።

«ቅዳሜ መብራት ሲጠፋ የት ነበሩ?»

«ሙሉብርሃን በረዶ አምጣ ብሎኝ ከተማ ሄድኩ። ነገርኳቸው፤ የሰማኝ የለም።»

በረዶውን የሸጠው ሆቴል ቃላቸውን አረጋገጠ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ኢተፋን ከእስር ቤት አስመጥቶ ሦስቱንም ማሽኑ ክፍል ሰበሰባቸው።

«ሽቦው ሌሊት አልተፈታም» አለ። «ሙሉብርሃን ከሐሙስ ጀምሮ በየሁለት ሰዓቱ ማሽኑን በእጁ እያስተካከለ ጽፏል። ሽቦው ባይኖር ሐሙስ ይሞት ነበር። መጨረሻ ያስተካከለው ቅዳሜ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ፣ መብራት ከመጥፋቱ በፊት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ መብራት መጣ፤ ማሽኑን አበራ፤ ሞተ። ስለዚህ የተፈታው በእነዚያ ሁለት ሰዓታት ውስጥ ነው። ኦቦ ኢተፋ ከተማ ነበሩ። ጓድ ዘገዬ፣ አንተ ውይይት ክበብ ውስጥ ስትናገር መቶ ሰው አይቶሃል። አጥፊ ደግሞ ሽቦ በጥሶ ይጥላል እንጂ ጋዜጣ አያለብስም። የሣጥኑ ቁልፍ ሁለት ነው። አንዱ ሟቹ ኪስ ውስጥ ተገኝቷል።»

ሁሉም ወደ ጉዲቱ ዞሩ።

«ጣቶቹን አይታችኋል?» አለች ቀስ ብላ። «ብረቱን ሲያስተካክል ጨረሩ ልጦታል። ሐኪም ጋ እንሂድ ስለው ‹ይቺን ፊልም ልጨርስ› ይላል። አራት ፊልም እንዲህ አለፈ። ሽቦውን ከደበቅሁ ሥራው እስከ ሰኞ ይቆማል፣ እሑድ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ አልኩ። ሽቦውን ሳያይ አብርቶ አያውቅም። እኔንም ያስተማረኝ እሱ ነው።»

አብተው ደብተሩን ገለጠ። በእያንዳንዱ ማብሪያ ሰዓት አጠገብ «የመሬት ሽቦ ታይቷል» የሚል ጽሑፍና ፊርማ አለ። በመጨረሻው፣ በስምንት ሰዓቱ አጠገብ ያለው «37.5፤ በረዶው አልቋል» ብቻ ነው።

«ሙቀቱ ሊያልፍበት ነው ብሎ ቸኮለ» አለ ሻምበሉ። ደብተሩን ዘጋው።

«እኔን እሰሩኝ» አሉ ኦቦ ኢተፋ። «አርጅቻለሁ። እሷ ልጅ ናት።»

«አይሆንም፣ ኦቦ» አለች ጉዲቱ። « እርስዎ ወደ ልጆችዎ ይሂዱ። ሻምበል፣ እንደሆነው አድርገው ይጻፉት።»

«በረዶውን ይዤ ግቢው በር ላይ ስደርስ ሰምቼዋለሁ» አሉ ሽማግሌው። «‹ጉዲቱ፣ መብራት መጣ› ብሎ ተጣራ። ደስ ብሎት ነበር።»

«እኔም ሰምቼዋለሁ» አለች። «ከጓሮ ነበርኩ፣ ሽቦው መሬት የሚገባበት ቦታ። ሽቦውን ሊያይ ይወጣል ብዬ በሩን እያየሁ ጠበቅሁት።»