ተቀምጦ የተባለ ሶሪ

መቅዲ ደብረ ማርቆስ ውስጥ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። «ሶሪ» መቼ መቼ እንደሚባል ለተማሪዎቿ ስታስረዳ ምሳሌ አያልቅባትም፦ የሰው እግር ሲረግጡ፣ ሲያረፍዱ፣ ወሬ ሲያቋርጡ። ምናለ የተባለውን ወጣትም ያወቀችው በዚሁ ቃል ነው። ሚኒባስ ውስጥ ክርኑ ነካትና «ሶሪ» አላት፤ ቀና ብላ ስታየው ዓይኑን መመለስ አቃተው።

ተዋደዱ። ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እናቱ እማማ የብርጓል ልጅቱን ሊያዩ ከአገራቸው ከሮብ ገበያ መጡ፤ ሦስቱም ምሳ ቤት ገቡ።

የመቅዲ ባልደረቦች ከጎናቸው ተቀምጠዋል። እማማ የብርጓል በደንብ ጠቅለል አድርገው ጉርሻውን እስከ አፏ ዘረጉላት። መቅዲ ባልደረቦቿን ሰረቅ አድርጋ አየችና ፊቷን አዞረች።

«ሶሪ እማማ፣ ጠግቤያለሁ።»

የእናት እጅ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ምን አለች?» ሲሉ ልጃቸውን ጠየቁት።

«ይቅርታ ማለቷ ነው።»

«ይቅርታ ተቀምጦ ይባላል እንዴ?»

ምናለ አቀረቀረ። መቅዲ ያኔ ብትነሣ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር፤ ሰው ፊት ግን ለመነሣት አፈረች። እማማ የብርጓል በዚያው ቀን አገራቸው ገቡ።

«እናቴ ሳትመርቀን ሽማግሌ አልልክም» አላት ምናለ። አልተቆጣም፤ አለመቆጣቱ ነው የባሰባት። ከዚያ ወዲህ ክፍል ውስጥ ቃሉን ስታነሣ እንኳ ፊቷ ይግላል።

እሑድ ሮብ ገበያ ሄደች። ከእማማ የብርጓል ቤት አጥር ሥር ድንጋይ አንሥታ ጫንቃዋ ላይ አደረገች። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ ያያታል። «አስተማሪ ናት አሉ» ሲባል ሰማች። ደጃፉ ላይ ስትደርስ ተንበረከከች።

«እማማ፣ በድዬዎታለሁ። ሰው አየኝ ብዬ እጅዎን አሳፈርኩት።»

እማማ የብርጓል በሩ ላይ ቆሙ። ለእሑድ እናቱ ዘንድ የመጣው ምናለ ከኋላቸው ወጣ። ድንጋዩን ሊቀበላት መስሏት ነበር፤ እሱ ግን ወደ አጥሩ ሄዶ ሌላ ተሸከመና አጠገቧ ተንበረከከ።

«አንተ ደግሞ ምን አጠፋህ?»

«እማዬ፣ ያን ቀን እኔም አፍሬብሽ ነበር። እሷ ቀደመችኝ እንጂ።»

መቅዲ ዞር ብላ አየችው። የዚያን ሰዓት ያህል ወዳው አታውቅም።

እናት ጎንበስ ብለው የመቅዲን ድንጋይ አወረዱላት።

«እግዜር ይቅር ይበለን። ተነሽ ልጄ፣ ግቢ።»

ምናለም ሊነሣ ሲል ትከሻውን ያዝ አደረጉት።

«አንተ ትንሽ ቆይ» አሉት። «እሷስ አታውቀኝም ነበር።»