ያልጨረስኩት ገመድ

በእናታችሁ እንዳትስቁ። እኔው ብሩክታይት በዓይኔ ያየሁት ነው፣ በጠራራ ፀሐይ። ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ኢምፔሪያል ሆቴል ጀርባ ያለው ግቢያችን ውስጥ።

ግቢያችን ውስጥ ጀልባ አለች። አዎ፣ ባለ ሸራ ጀልባ፣ አዲስ አበባ ላይ! አባቢና ወንድሜ አብኔዘር ናቸው የሠሯት፣ ላንጋኖ ሐይቅ ላይ ሊሄዱባት።

አምና የምሰሶዋ ገመድ ሲበጠስ አብኔዘር፣ "አባ፣ ቋጠሮ ይቅር። ገመድ ቋጠሮው ጋ ነው የሚበጠሰው። ክሮቹን ፈትተን እርስ በርስ እናጠላልፋቸው" ብሎት ነበር።

አባቢ ሳቀበት።

"ሹሩባ ልትሠራልኝ ነው? ወንድ ልጅ ይቋጥራል!"

ቋጠረው።

ሐይቁ መሃል ላይ ተበጠሰ። አባቢ ተረፈ። ጀልባዋም በአይሱዙ ተጭና ግቢያችን ተመለሰች። አብኔዘር ግን... እስከዛሬ አልተገኘም።

አሁን አባቢ ብቻውን ሊሄድባት ነው። ነገ። ገመዱን ደሞ "አብኔዘር እንዳለው አጠላልፊልኝ" አለኝ። ሹሩባ ስለምችል!

ደሜ ፈላ። አሁን ገና ገባው።

ግማሹን ሠርቼ ስልኬን ቻርጅ ልሰካ ገባሁ። ስመለስ...

ተጠላልፎ አልቋል።

ጥብቅ ብሎ። እርጥብ ነው። ክሮቹ ደሞ ሁሉም ወደ ግራ የዞሩ።

አብኔዘር ግራኝ ነበር።

"አባቢ... አንተ ነህ የጨረስከው?"

"ዝም በይ" አለኝ ጀልባዋ አጠገብ ቆሞ፣ በሹክሹክታ። "የታክሲዎቹ ድምፅ የት ሄደ?"

እውነቱን ነው። ኢምፔሪያል፣ በቅዳሜ ምድር፣ ጭጭ ብሏል። ረዳት የለ፣ ክላክስ የለ...

"ነገ አትሂድ። ፕሊስ አባቢ። እማዬ ሁለተኛ ሐዘን አትችልም።"

"ልጄ ሠርቶልኝ እንዴት እቀራለሁ?"

እንባው ይወርዳል፣ ግን ፈገግ ብሏል። ፈገግታው አስጠላኝ።

ገመዱን ልቆርጠው ኩሽና ሮጬ ቢላ አነሳሁ።

ስወጣ አባቢ ጀልባዋ ውስጥ ተቀምጧል። ገመዱ የእጁን አንጓ ዞሮ፣ መልሶ እርስ በርሱ ተጠላልፏል። መጀመሪያ የለው፣ መጨረሻ የለው። ቋጠሮ ቢሆን እኮ እፈታው ነበር!

ቢላው አልቆርጥ አለ።

"አባቢ ውረድ!"

"ቀስ..." አለኝ። "እየሳበ ነው።"

ሌላውን ጫፍ በዓይኔ ተከተልኩት። ከጀልባዋ ወርዶ... የእማዬ ልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ገብቷል።

የሳፋው ውሃ ክርኔ ጋ እንኳን አይደርስም።

ገመዱ ግን ይወርዳል... ይወርዳል... ውሃው ንቅንቅ ሳይል።

የአባቢ እጅ ወደ ሳፋው እየተሳበ የጀልባዋ ጠርዝ ላይ ደረሰ።