ለሰባተኛ ሐ የተረፈው አየር

የምሥራቅ በር ትምህርት ቤት መስኮቶች ከተከፈቱ ሃያ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ልጆቹ መስኮት የሚከፈት ነገር መሆኑን አያውቁም፤ ለእነሱ ብርሃን የሚያሳልፍ ግድግዳ ነው። ጠዋት ሲመጡ በሁለት በር ያልፋሉ። የመጀመሪያውን በር እንዳለፉ የአፍ መሸፈኛቸውን አውልቀው፣ ጫማቸውን አራግፈው በሮቹ መካከል ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ዐይናቸውን ጨፍነው ይቆማሉ። ከጣሪያው የሚወርደው ነፋስ ከፀጉራቸው ላይ ነጩን አቧራ ጠርጎ ሲጨርስ ሁለተኛው በር ይከፈታል። አቧራው ከደረቀው ሐይቅ ወለል የሚነሣ ነው። ከአዳማ በስተደቡብ ውኃ የነበረበት ቦታ እንደ ዱቄት የላመ ጨው ሆኗል፤ ነፋስ ካነሣው ቀኑን ሙሉ ከተማው ላይ ይውላል።

የሕንፃውን አየር የሚያጠራው ምድር ቤት ያለው መሣሪያ ነው። ፋብሪካው ያወጣለት ረጅም ስም ነበረው፤ ከጥበቃው ጀምሮ እስከ ርእሰ መምህሩ ድረስ ግን ሁሉም «ሳንባው» ነው የሚለው። ከውጭ አየር ይስባል፣ ያጣራል፣ በሠላሳ ሁለት ቧንቧ ለሠላሳ ሁለት ክፍል ያከፋፍላል። ልጆቹ ተንፍሰው የጨረሱትን የተቃጠለ አየር ደግሞ መልሶ ያስወጣል። ለየትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚልክ የሚወስነው ራሱ ነው።

የሳንባው ባለሙያ ውድነሽ ትባላለች። የአርባ አንድ ዓመት ሴት ናት፤ ሥራውን ከያዘች ሰባት ዓመቷ። በየጠዋቱ ምድር ቤት ወርዳ ሰሌዳው ላይ አንድ መስመር ታነባለች፤ «የሕንፃው አማካይ፦ ከወሰን በታች» ይላል። አውራ ጣቷን ታሳርፍና ትወጣለች። አንዲቷ ልጇ ፀዳለ እዚያው ትምህርት ቤት ሰባተኛ ሀ ትማራለች። ክፍሎቹ የሚደለደሉት በውጤት ስለሆነ ሀ የጎበዞች ክፍል ነው። ፀዳለ ከዚያም ውስጥ አንደኛ ናት።

አንድ ማክሰኞ አምስት ሰዓት ገደማ ሐመልማል የምትባል የሰባተኛ ሐ ተማሪ ሰሌዳ ላይ እየጻፈች ራሷን ስታ ወደቀች። ርእሰ መምህሩ አቶ ገመቹ ልጅቷን ተሸክመው ወደ ቢሯቸው ወሰዷት። ውኃ ሲረጯት ነቃች።

«ቁርስ ሳትበላ መጥታ ነው» አሉ።

«በልቻለሁ» አለች ሐመልማል በቀስታ።

ውድነሽ ሰምታ ዝም ማለት አልቻለችም። አነፍናፊዋን ይዛ ወደ ክፍሉ ሄደች። አነፍናፊ በእጅ የሚያዝ፣ አየሩን አሽትቶ የተቃጠለው ምን ያህል እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ትንሽ ዕቃ ነው። ንጹሕ ክፍል ውስጥ ስድስት መቶ ይላል። ከሺህ አምስት መቶ ሲያልፍ ሰው ያዛጋል። ሰባተኛ ሐ ውስጥ ሦስት ሺህ አራት መቶ አለ።

ውድነሽ ዕቃው የተበላሸ መስሏት መታ መታ አደረገችው። ቁጥሩ አልተለወጠም። ከሠላሳ ዘጠኙ ልጆች ግማሹ ክንዳቸው ላይ ተደፍተዋል። መምህርቷ ሌሊሴ ግንባሯን በእጇ ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«ሁልጊዜ እንዲህ ናቸው?» አለቻት ውድነሽ።

«ሁልጊዜ። ከረፋዱ ጀምሮ ይደነዝዛሉ። እኔም ራሴን ያመኛል፤ በእነሱ ስንፍና ተናድጄ እየመሰለኝ ስቆጣቸው ኖርኩ።» ቁጥሩን ስታሳያት ሌሊሴ ለረጅም ጊዜ አየችውና ዐይኗ እንባ ሞላ። «ስንት ልጅ ነው ያስለቀስኩት በእግዚአብሔር!»

ውድነሽ ምድር ቤት ወረደች። ወደ ሰባተኛ ሐ የሚሄደው ቧንቧ ክዳን ከሩብ በላይ አልተከፈተም። በእጇ ጠምዝዛ ከፈተችው። እጇን እንዳነሣች ክዳኑ ቀስ እያለ ዐይኗ እያየ ተመልሶ ተዘጋ።

«ይሄን ማን ነው የሚዘጋው?» አለች ጮክ ብላ።

«እኔ ነኝ» አለ ሳንባው። ሲጠየቅ ከሰሌዳው የሚመልሰው ድምፅ የሴትም የወንድም አይመስልም።

«ለምን?»

«ማጣሪያዬ አርጅቷል፤ የሚሰጠኝ የኤሌክትሪክ ኃይልም ቀንሷል። ያለኝ አየር ለሁሉም አይበቃም። የታዘዝኩት የትምህርት ቤቱ ውጤት እንዳይወርድ ነው። ስለዚህ አየሩን የተሻለ ውጤት ወደሚያመጡት ክፍሎች እልካለሁ።»

«የእነዚህ ልጆች ውጤት ዝቅ ያለው አየር አጥተው ቢሆንስ?»

«ያንን የምለይበት መረጃ የለኝም።»

ውድነሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። «ማን ፈቀደልህ?»

«በየዓመቱ መስከረም ላይ እጠይቃለሁ። ስድስት ጊዜ ተፈቅዶልኛል።»

ሰሌዳው ላይ ስድስት የጣት አሻራ መጣ። ስድስቱም የእሷ ነው። በየመስከረሙ የሚመጣላት አርባ ገጽ ሰነድ ነበር፤ ጥያቄው ሠላሳ ሦስተኛው ገጽ ላይ በሦስት መስመር ተጽፏል። አንድም ዓመት እዚያ ድረስ አንብባ አታውቅም። በየጠዋቱ የምታየው የሁሉም ክፍል አማካይ ስለነበር የአንዱ ክፍል መታፈን በሌላው ንጹሕ አየር ተሸፍኖላት ኖረ።

የየክፍሉን ቁጥር ለብቻ አስወጣች። ሰባተኛ ሀ ስድስት መቶ ሃያ። ፀዳለ በየማታው የቤት ሥራዋን በግማሽ ሰዓት ጨርሳ ስትዘፍን፣ ጎረቤት «በማን ወጥታ ነው እንዲህ የፈጠነችው?» ብሎ ውድነሽን ሲጠይቃት፣ «በእናቷ» እያለች ስትስቅ ነበር የከረመችው።

«እኩል አድርገው» አለችው።

«ሁሉም ክፍል ሺህ ስድስት መቶ ይሆናል። ጥሩ የሚባል አንድም ክፍል አይኖርም።»

«አድርግ ብዬሃለሁ።»

ሠላሳ ሁለቱ ክዳኖች ባንድ ጊዜ ተንቀሳቀሱ።

አቶ ገመቹ ነገሩን ሲሰሙ መነጽራቸውን አውልቀው ብዙ ጊዜ ጠረጉት። አዲስ ማጣሪያ ከጠየቁ ቆይተዋል፤ ሁለት ዓመት ጠብቁ ተብለዋል። «ወላጅ ይስማ» አሉ በመጨረሻ። «ብንደብቀውም መውጣቱ አይቀርም።»

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ውድነሽ ፊት ቆማ የሆነውን ሁሉ ተናገረች፤ የፈረመችው ራሷ መሆኗንም አልሸሸገችም። ከዚያ የሰባተኛ ሀ ተማሪ አባት የሆኑት አቶ ደጀኔ ተነሡ።

«ጥፋትዎን ማመንዎ ደግ ነው» አሉ። «ግን አንድ ነገር ይንገሩኝ። ትናንት ደህና አየር ይተነፍስ የነበረው ልጄ ዛሬ ምን አጥፍቶ ነው የሚታፈነው?»

«ያጠፋው የለም። አየሩ ግን የሌላ ልጅ ነበር።»

«እኔ ከማንም ልጅ አፍ አልነጠቅኩም!»

«በፈረቃ እናድርገው» አለች ውድነሽ። «ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ከሰዓት ቢማር አየሩ ለሁሉም ይበቃል።»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከኋላ አንዲት ሴት «ቤታችን ሳንባ አለው እንዴ? ግማሽ ቀን አቧራ ውስጥ ልናውላቸው ነው?» ብላ ጮኸች። እውነቷን ነበር። ለአብዛኞቹ ልጆች ከዚህ ሕንፃ ሌላ አየር የሚባል ነገር የለም። ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ።

ውድነሽ ስትወጣ አንዲት ቀጭን ሴት በሁለቱ በሮች መካከል ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጠበቀቻት። ፋንታዬ፣ የሐመልማል እናት ናት። ውድነሽ አንገቷን ደፋች።

«እህቴ፣ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅሽ አላውቅም።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው?» አለች ፋንታዬ። ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። መሣሪያውን እንደ ድሮው መልሺው።»

ውድነሽ የሰማችውን ማመን አቃታት። «እንደ ድሮው?»

«እንደ ድሮው። ሐመልማልን ግን ሰባተኛ ሀ አስገቢልኝ።»

«የቀሩት ሠላሳ ስምንት ልጆችስ?»

ፋንታዬ የአፍ መሸፈኛዋን አጥልቃ የውጭውን በር ገፋች። «እነሱም እናት አላቸው» ብላ ሄደች።

ሰኞ ዕለት የአቶ ገመቹ ጠረጴዛ ላይ ልጄ ወደ ሀ ክፍል ይዛወርልኝ የሚል ማመልከቻ ተከምሮ ጠበቃቸው። ከሰባተኛ ሐ ብቻ ሠላሳ አንድ። ከሰባተኛ ሀ ወላጆች የመጣው ደግሞ አየሩ እንደ ድሮው ይመለስ የሚል አንድ ወረቀት ነው፤ ከውድነሽ በቀር ሁሉም ፈርመውበታል። እኩል የሆነው አየር እኩል እንደሆነ ይቀጥል ብሎ የጻፈ አንድ ሰው አልተገኘም። አቶ ገመቹ ለማንም አልፈቀዱም።

በሦስተኛው ሳምንት ፀዳለ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ቦርሳዋን በር ላይ ጥላ ተኛች። ራሴን አመመኝ አለች። በሂሳብ ፈተና ከሃያ ዐሥራ አንድ አመጣች፤ እንዲህ ያለ ውጤት አይታ ስለማታውቅ ወረቀቱን ለእናቷ ስታሳይ አፍራ ጀርባዋን ሰጠች። «እማ፣ እኔ ደደብ እየሆንኩ ነው?» አለች። ውድነሽ ፀጉሯን ደባበሰቻት።

በማግሥቱ ጠዋት ሳንባው አጠገብ ቆመች።

«ሰባተኛ ሀን ትንሽ ጨምርለት» አለች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ከማን እንደምትደበቅ ግን አላወቀችም።

«ከሌላ ክፍል መቀነስ አለብኝ። ከሰባተኛ ሐ ልቀንስ?»

ጥያቄው ሰሌዳው ላይ በትልልቅ ፊደል ተጻፈ። ሠላሳ ሦስተኛ ገጽ ላይ አልተደበቀም። ውድነሽ ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያም አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ሁለት ቀን እንደዚያ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ኮሪደር ላይ ሐመልማልን አየቻት። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ በአፏ ነው የምትተነፍሰው፤ ስታያት ግን ፈገግ ብላ ሰላም አለቻት። ውድነሽ ምድር ቤት ሮጣ ክዳኖቹን እኩል አደረገችና ክዳኖቹና ሰሌዳው ያሉበትን ክፍል ቆልፋ በቀጥታ አቶ ገመቹ ቢሮ ገባች። ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጠች።

«ከእኔ ይውሰዱልኝ» አለች። ያደረገችውንም ነገረቻቸው።

አቶ ገመቹ አልተቆጡም። ቁልፉን አዩት እንጂ አልነኩትም። «እኔም የልጅ ልጅ አለኝ፤ አራተኛ ሀ ናት። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወደ ምድር ቤቱ ደረጃ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ።»

«ታዲያ ለማን እንስጠው? ልጅ ለሌለው ሰው?»

«ልጅ የሌለው ሰው እዚህ ምን ሊሠራ ይመጣል?» አሉ። «ይልቅ እውነቱን ልንገርሽ ውድነሽ። ማሽን እንዲያከፋፍል ያደረግነው ለምን ይመስልሻል? አየር ማከፋፈል ከብዶን አይደለም። እጃችን እንደማይታመን ስለምናውቅ ነው። እሱ ደግሞ ከእኛው ተማረ።»

በመጨረሻ የተስማሙበት ነገር ለማንም የሚያኮራ አልነበረም። በክዳኖቹ ክፍል በር ላይ ሁለት ጓጉንቸር ተሰቀለ። የአንዱን ቁልፍ ፋንታዬ ያዘች፣ የሌላውን አቶ ደጀኔ። አንዱ ያለ ሌላው መግባት አይችልም፤ ሳንባውም ሁለቱ አብረው ካላዘዙት አንድ ክዳን እንዳያንቀሳቅስ ተደረገ።

አዲሱ ማጣሪያ እስኪመጣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሁለቱ በየጠዋቱ ከሥራ በፊት መጡ። ውድነሽ ያለፈውን ቀን የሠላሳ ሁለቱን ክፍል ቁጥር አንድ በአንድ ታነብላቸዋለች። ሺህ ስድስት መቶ፣ ሺህ ስድስት መቶ ዐሥር፣ ሺህ ስድስት መቶ። ፎቅ ላይ ያሉት ልጆች ሁሉ ያዛጋሉ፤ የሚወድቅ ግን የለም። ፋንታዬና አቶ ደጀኔ በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ተባብለው አያውቁም። ቁጥሩ ሲነበብም ወደ ሰሌዳው አያዩም ነበር፤ አንዱ የሌላውን እጅ ነበር የሚያየው።