ከምረቃው በፊት የጠፋው አልበም

ሃርድ ዲስኩ የለም።

ዕንባቆም መሳቢያውን ገለበጠ፣ ምንጣፉን ገለጠ። የለም። የቡድናቸው የመጀመሪያ አልበም፣ ኒው ጃክ ስዊንግ በሚሉት የአሜሪካ የጭፈራ ስልት ስንት ዓመት የለፉበት ሥራ፣ ነገ ሊመረቅ ዛሬ ቀሐ ሰፈር ካለው ስቱዲዮ ተሰወረ። ሾልኮ እንዳይወጣ ብለው ሌላ ቅጂ አላስቀሩም። ብልጠት ሲበዛ እንዲህ ነው!

ኢንስፔክተር አምሳል በሩን አየች። አልተሰበረም። ውድ ማይክሮፎኖቹም አልተነኩም።

«ቁልፍ ያለው ማነው?»

«እኔና ሰውአገኝ።»

አጠገቡ የቆመው ሰውአገኝ የቡድኑ ምት አቀናባሪ ነው። ፖስተሩ ላይ ስሜ ከታች ዋለ ብሎ አኩርፎ ሰንብቷል። አምሳል ዓይኗን ጣለችበት።

«ምነው እንዲህ ያዩኛል? ማኩረፍና መስረቅ አንድ ነው እንዴ? ድብ ባሕር ለቅሶ አድሬ አሁን ከማኪና መውረዴ ነው።»

ደውላ አጣራች። እውነቱን ነው።

ወደ ደጃፉ ተመለሰች። ሌሊቱን ዘንቧል። ጭቃው ላይ የአንድ ጥንድ ጫማ ቅርጽ ጎን ለጎን ታትሟል፤ ውስጥ ግን የጭቃ ጠብታ የለም። ሌባው ጫማውን አውልቆ ገብቷል።

«እዚህ ጫማ ታወልቃላችሁ?»

«ምን በወጣን!» አለ ዕንባቆም። «ቤተ ክርስቲያን መሰለዎት?»

አምሳል ያደገችው ደብር ሥር ነው። ነገሩ ከዘፈኖቹ ይሆናል ብላ ጠረጠረች።

«ስልክህ ላይ የቀረ ዘፈን የለም?»

የሦስተኛው ዘፈን ረቂቅ ነበር። ከፈተው። ምቱ ይዘላል፤ ከሥሩ አንድ ሽማግሌ ጾመ ድጓ ያዜማሉ። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል አርፈው የሚዜመውን ዜማ እነዚህ ልጆች ከበሮ ጭነውበታል።

«የማን ድምፅ ነው?»

ዕንባቆም አንገቱን ደፋ። «የአባቴ። ሲያስተምሩ ቀዳኋቸው።»

«ይህን ሰምተውታል?»

«ትናንት ቤት ስከፍተው ደጅ ነበሩ።»

«ቁልፍህስ የት አደረ?»

«ቤት የተሰቀለው ኮቴ ኪስ ውስጥ» አለና ፊቱ ተለዋወጠ።

የዕንባቆም አባት መሪጌታ ሐብተ ማርያም ቤታቸው ሲጠየቁ አልካዱም። ዲስኩን ከጋቢያቸው ሥር አወጡት።

«የኔታ፣ ምነው ጫማዎን አወለቁ?» አለች አምሳል።

«ጾመ ድጓ ካለበት ቤት በጫማ ልግባ?»

«አባ፣ ምነው ሳይጠይቁኝ ወሰዱ?» አለ ዕንባቆም።

«አንተስ ድምፄን ስትወስድ ጠየቅኸኝ?»

ዕንባቆም ዞረና ለአምሳል «ክሱ ይቅርልኝ» አላት። ዲስኩን ተቀበለ።

«ያንን አንዱን ነጥዬ ማውጣት ባላውቅ ነው ሁሉንም የወሰድኩት» አሉ አባቱ። «የቀሩትን ቤት ስትለማመዳቸው በግድግዳው ስሰማቸው ከርሜአለሁ። ሸጋ ናቸው።»

ዕንባቆም ዘፋኝ ከሆነ ወዲህ ከአባቱ አፍ እንዲህ ያለ ቃል ወጥቶ አያውቅም። ሴት ፖሊስ ፊት፣ ሳያፍር፣ አለቀሰ።